«ማሽኑን አየን»፦ ተማሪን ለአፓረንት የሚያዘጋጀው የትኛው የኦንላይን መማሪያ ነው?

ኮምቦልቻ ውስጥ አፓረንት፣ ማለትም የሥራ ላይ ልምምድ፣ የሚወጡ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎችን እከታተላለሁ። የሥራዬ ግማሽ ሎግቡክ፣ ተማሪው የዕለት ውሎውን የሚጽፍበትን ደብተር፣ ማንበብ ነው። አንድ ቀን የአንዲት ተማሪዬን ሎግቡክ ገለጥኩ። ሰኞ፦ «ፈትል ክፍል ገባን። ማሽኑን አየን።» ማክሰኞ፦ «ማሽኑን አየን።» ረቡዕ፦ «ማሽኑ ሲሠራ አየን።» እንዲህ እያለ ዘጠኝ ቀን ይሄዳል። የእጅ ጽሑፏ ያምራል። ቀኑ በቀይ ተሰምሮበታል። ከየገጹ ግርጌ የሱፐርቫይዘሩ ፊርማ አለ።

ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። ክፍል ውስጥ ከፊት ከሚቀመጡት ናት። ከመውጣቷ በፊት ሁለት የኦንላይን ኮርሶች ጨርሳ ሰርተፍኬቶቹን አሳትማለች። «ምነው፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሌላ የሚጻፍ ነገር አልነበረም?» አልኳት። «ቲቸር፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ምን ብዬ እንደምጠይቃቸው ጠፋኝ» አለችኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ የኦንላይን መማሪያዎችን የምመዝንበት ሚዛን ተቀየረ። በፊት የማየው የኮርሱን ርዕስና ያዘጋጀውን ተቋም ስም ነበር። አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው። ተማሪው ሥራ ቦታ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት አፉን ከፍቶ እንዲጠይቅና ያየውን እንዲጽፍ ያደርገዋል ወይ? አማራጮቹን የማወዳድረው በዚህ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ አስተባባሪዎችና አድቫይዘሮች፣ ራሳችሁን ለምታዘጋጁ ተማሪዎችም ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

ከመምረጣችሁ በፊት፦ ሥራ ቦታው ምን ይፈልጋል?

የሽመና አዳራሽ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። ጩኸቱ ብዙ ጊዜ ከ90 ዴሲቤል ያልፋል። ቴክኒሻኑ ጆሮህ ሥር ሆኖ ቢጮህም የምትሰማው ከሦስት ቃል አንዱን ነው። እዚያ ቆሞ ከሀ ጀምሮ የሚያስረዳህ የለም። የዕቃዎቹን ስም ይዞ የገባ ተማሪ በጣቱ ጠቁሞ አንድ ቃል ይጠይቃል፤ አንድ ቃል ይመለስለታል፤ ይበቃዋል። ምንም ሳይዝ የገባው ግን ማሽኑን ያያል። አይቶም «ማሽኑን አየን» ብሎ ይጽፋል።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። የክር ቁጥር የሚባል ነገር አለ። 100 ሜትር የጥጥ ክር ለክታችሁ ስትመዝኑት 2.95 ግራም ከሆነ፣ በእንግሊዞች የጥጥ አቆጣጠር 20 ቁጥር ነው። የዚያን ግማሽ፣ 1.48 ግራም ገደማ ከመዘነ ደግሞ 40 ቁጥር ይሆናል። ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል ማለት ነው። ብዙ ተማሪ መጀመሪያ ላይ የሚረዳው በተገላቢጦሽ ነው። ላቦራቶሪ ገብቶ «40 ቁጥሩ ወፍራሙ ነው አይደል?» ያለ ልጅ፣ በዙሪያው ያሉት ሲስቁ ካየ ሁለተኛ አይጠይቅም። ያንኑ ስህተት ዶርም ውስጥ፣ ስልኩ ላይ ቢሳሳተው ኖሮ አርሞት ይሄድ ነበር። ለእኔ የኦንላይን ዝግጅት ትልቁ ጥቅም ይኼ ነው። ተማሪው ሰው ሳያየው የሚሳሳትበት ቦታ ያገኛል።

ሌላው የኔትወርክ ነገር ነው። እኛ ጋ ይህን ረስቶ መማሪያ የሚመርጥ ሰው ተማሪውን ይጎዳል። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ካምፓሱም ፋብሪካውም ተጎድቷል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ «አውርደው ያለ ኢንተርኔት ይሠሩበታል ወይ?» የሚል ነው። ቀጥሎ «ሲሳሳቱ ማን ይመልስላቸዋል?» እላለሁ። ከዚያ የዳታው ወጪ ይመጣል። ሰርተፍኬቱን የማየው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሙድል ወይስ ቴሌግራም?

ዋናው ምርጫ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስለሆነ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልሂድ።

በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን «ኢ-ለርኒንግ» ሲባል ከጀርባው ያለው ሙድል ነው። ኮርስና ፈተና የሚጫንበት ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ የፈቃድ ክፍያ የለውም። ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ሻያሾኔ ከሚባለው ድርጅት ጋር የጀመረው ኢ-ሺ የሚባለው ፕሮግራምም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን የኦንላይን ትምህርት ይደግፋል። አስተባባሪ ከሆናችሁ አዲስ ነገር ከመፈለጋችሁ በፊት የካምፓሳችሁን አይሲቲ ክፍል ጠይቁ። ቤት ውስጥ ያለን ዕቃ ከጎረቤት መበደር እንዳይሆንባችሁ።

ሙድል ከሌሎቹ የሚበልጥበት ነገር ግልጽ ነው። ጥያቄውን የምታወጡት እናንተ ናችሁ። የክር ቁጥሩን ጥያቄ እኔ ያስገባሁት እዚያ ነው። ተማሪው ሲሳሳት ወዲያው «ተገላብጦብሃል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል፤ እስቲ በግራሙ አስላው» የሚል መልስ ይወጣለታል። አሥር ጊዜ ቢሳሳትም አይሰለቸውም። አፑ ስልክ ላይ ሲጫን የኮርሱን ጽሑፍና ፋይል አውርዶ ያስቀምጣል። መምህሩ ከፈቀደ አጭር ፈተናውንም ያለ ኢንተርኔት ሠርተው፣ ዋይፋይ ሲያገኙ መልሱን ይልካሉ። ይህ ለኛ ትልቅ ነገር ነው።

ድክመቱንም ልናገር። ሙድል የመምህሩን ጊዜ ይበላል። አሥራ ሁለት ጥያቄ ከነማብራሪያው ለማዘጋጀት ሦስት ቅዳሜና እሁድ ፈጅቶብኛል። ብዙ ቦታ ደግሞ የፒዲኤፍ መጋዘን ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሃያ ሃንድአውት ተጭኖ ተማሪው «አንብብ» ይባላል። እንደዚያ ከሆነ ከፎቶኮፒ ቤት አይለይም። ፓስወርድ የሚረሳም ብዙ ነው። ተማሪዎቹ ለአፓረንት ከመበተናቸው በፊት ሁሉም መግባት መቻሉን እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በየስልካቸው አረጋግጡ። በኋላ እያንዳንዱን በስልክ ማስገባት አይቻልም።

ቴሌግራም ሌላ ነው። ሥልጠና አይፈልግም፤ ሁሉም ስልክ ላይ አለ። ደካማ ኔትወርክ ላይም እየተንገዳገደ ይሠራል። እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይልካል። እኔ ግን በጣም የምወደው የድምፅ መልእክቱን ነው።

አፓረንት ሊወጡ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው ለተማሪዎቼ የምሰጠው አንድ ሥራ አለ። በየቀኑ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ይልካሉ። ሦስት ነገር ይናገራሉ፤ ዛሬ ምን ሲሠራ አየሁ፣ ምኑ አልገባኝም፣ ማንን ምን ብዬ ልጠይቅ። ፋብሪካ አያስፈልገውም። የካምፓሱ የውሃ ታንከር ይሆናል፤ የላውንጁ ምድጃ ይሆናል። አንድ የሜካኒካል ተማሪ ከደሴ ፒያሳ ተሳፍሮ ሐረጎን ሲወርድ ያየውን ላከልኝ። «ቁልቁለቱ ላይ የሆነ ነገር ሲቃጠል ሸተተኝ። ሾፌሩ ማርሽ ቀነሰ። ለምን እንደቀነሰ አልገባኝም። ስወርድ ረዳቱን እጠይቃለሁ።» ጠይቆም መጣ። ፍሬን ብቻ ከተረገጠ ይግላል፤ ማርሽ ሲቀነስ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። ከመጽሐፍ ያነበበውን የሞተር ፍሬን በአፍንጫው አገኘው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ናት። ያ ሁሉ ቁልቁለት በየቀኑ ስንመላለስበት ላቦራቶሪ መሆኑን ረስተነዋል።

ያቺን የሎግቡኳን ልጅ ከአሥረኛው ቀን ጀምሮ ያስጀመርኳት ይህንኑ ነው። «አብሽሪ፣ ገና ጊዜ አለሽ» ብያት ነው የተለያየነው። መጀመሪያ የላከችው ድምፅ አሥራ አራት ሰከንድ ብቻ ነበር። በሳምንቱ ግን ሎግቡኳ ላይ እንዲህ የሚል ተገኘ፦ «ዛሬ ጠዋት ክሩ ቶሎ ቶሎ ይበጠስ ነበር። ጋሼን ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አየሩ ሲደርቅ ጥጡ ይሰባበራል አሉኝ። የእርጥበት መለኪያውን አሳዩኝ።»

የቴሌግራም ችግር መልእክት መጥፋቱ ነው። ማክሰኞ የተላከ ጠቃሚ ፋይል ሐሙስ በሰላምታና በበዓል ካርድ ተቀብሮ ይቀራል። ውጤት መያዝ አይመችም። ተማሪ ከተማሪ ይቀዳዳል፤ ጽሑፍ ከሆነ በተለይ። ድምፅ መቅዳት ትንሽ ይከብዳል፤ አንዱ ምክንያቴ እሱ ነው። የመምህሩንም ሌሊት ይወስዳል። ለእኔ ሠላሳ ተማሪ ሠላሳ ደቂቃ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ለሁለት መምህር ክፈሉት፣ አለዚያ በሳምንቱ ትተዉታላችሁ።

እንግዲህ ፍርዴን ልናገር። አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ቴሌግራምን በድምፅ ሥራው እመርጣለሁ፤ ሰው መልሶ ያናግረዋልና። የሴሚስተር ጊዜ ካላችሁ ግን ሙድሉን ለስህተት፣ ቴሌግራሙን ለወሬ አድርጋችሁ ሁለቱንም ያዙ።

ዩቲዩብ

ማሽን ሲንቀሳቀስ ለማየት ከዩቲዩብ የሚበልጥ የለም። ኤንፒቴል የሚባለው የሕንድ ነፃ የምህንድስና ትምህርት ስለ ፈትልና ሽመና ጠለቅ ያሉ ሌክቸሮች አሉት። ዳታው ግን ያሳስባል። በ720 ጥራት የአንድ ሰዓት ቪዲዮ አንድ ጊጋባይት ገደማ ሊበላ ይችላል። በ144 ጥራት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ሜጋባይት አያልፍም። የማሽኑን ትንንሽ ክፍሎች ለማየት 144 አይበቃም፤ 360 ይሻላል። የሌሊት ጥቅል ገዝቶ ማውረድ የተማሪው የታወቀ ዘዴ ነው።

ሌላው ነገር፣ ቪዲዮው ላይ የምታዩት ማሽን አዲስ ሊሆን ይችላል። እዚህ የምታገኙት አሮጌ ሊሆን ይችላል፤ ስሙም በቴክኒሻኖቹ አፍ ሌላ ነው። ስለዚህ ርዝመቱን ትታችሁ አምስት ደቂቃ ብቻ ምረጡ። አንዴ ከነድምፁ እዩት። ሁለተኛ ድምፁን ዘግታችሁ እዩትና ክፍሎቹን በስማቸው ጥሩ። የሽመና አዳራሹ ውስጥ የሚጠብቃችሁ ልክ እንደዚያ ነው፤ ታያላችሁ እንጂ የሚነገረውን አትሰሙም።

የውጭዎቹ ኮርሶችና ሰርተፍኬታቸው

ኮርሴራ፣ ኢዲኤክስ፣ አሊሰን የመሳሰሉት ጥሩ ትምህርት አላቸው። ሰርተፍኬቱ ብዙ ጊዜ ያስከፍላል። የውጭ ካርድ የሌለው ተማሪ እዚያ ላይ ይቆማል። ኮርሴራ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ አለው፤ መልሱ ሁለት ሳምንት ገደማ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ አፓረንት ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው የሚያመለክት ሰው አልደረሰበትም። ሊንክድኢን ለርኒንግ ከነፃው የሙከራ ወር በኋላ በየወሩ ያስከፍላል፤ ለአብዛኛው ተማሪያችን አልመክረውም።

ለሶፍትዌርና ለኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ግን ነገሩ ይለያል። የእነሱ ሥራ ቦታ ስክሪኑ ራሱ ነው። በሐምሌ 2016 ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ሥልጠና ነፃ ነው፤ ዌብ ፕሮግራሚንግ፣ አንድሮይድና ዳታ ሳይንስ ያስተምራል፤ ሰርተፍኬትም ይሰጣል። የሃርቫርዱ ሲኤስ50 ጠለቅ ይላል፤ በነፃ መማር ይቻላል፤ ሌክቸሮቹ ግን ረጅም ናቸው። መሠረት ለሌለው የመጀመሪያውን፣ ሲ ቋንቋ ከክፍል ለያዘ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በሁለቱም ጊዜ ግን አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ራሱ ሠርቶ ጊትሀብ ላይ፣ ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ላይ፣ ያስቀምጥ። ቀጣሪው የሚያየው እሷን ነው።

ለኔትወርክ ተማሪ ደግሞ የሲስኮ ፓኬት ትሬሰር አለ። ነፃ ነው። ራውተር ሳይኖራችሁ ራውተር ታዋቅራላችሁ፤ ስታበላሹትም የሚቃጠል ዕቃ የለም። ለሲቪልና ለሜካኒካል ተማሪዎች አውቶካድ በተማሪነት ማረጋገጫ በነፃ ይገኛል። ላፕቶፑ ቢያንስ 8 ጊጋ ራም ይፈልጋል። ያ ከሌለ የካምፓሱ ኮምፒዩተር ላብ በምሽት እንዲከፈት ጠይቁ። በሕጋዊ መንገድ ያልተገኘውን ኮፒ በፍላሽ እያዞሩ መጫን ቫይረስ መጋበዝ ነው።

ቀጥታ ስብሰባ

ዙም በነፃው 40 ደቂቃ ላይ ይቆርጣል። ጉግል ሚት ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ሲኖር እስከ 60 ደቂቃ ይሄዳል። ለሠላሳ ተማሪ በቪዲዮ ሌክቸር መስጠት ዳታ ማቃጠል ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቀሙበት። አምና እዚያው ቦታ የነበረ ተማሪ ጋብዙ። «የመጀመሪያው ቀን ምን ለብሰህ ሄድክ? ምሳ የት ትበሉ ነበር? ማንን ነው የሚጠየቀው?» ይጠይቁት። የቴሌግራም የድምፅ ውይይት ለዚህ ይበቃል፤ ይቀላልም።

ደሴ ለሚቀሩት

እስካሁን የተናገርኩት ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ ፋብሪካ ስለሚገባው ነው። ደሴ ሆስፒታል ለሚገቡ የጤና ተማሪዎች ምርጫው ይለወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በኦንላይን በነፃ የሚሰጣቸው የኢንፌክሽን መከላከል ኮርሶች ጠቃሚ ናቸው። የእጅ መታጠቢያ አምስቱን ጊዜያት ጠንቅቀው ይግቡ፦ በሽተኛውን ከመንካት በፊት፣ ንጹሕ ሥራ ከመጀመር በፊት፣ ከሰውነት ፈሳሽ በኋላ፣ በሽተኛውን ከነኩ በኋላ፣ በዙሪያው ያለውን ዕቃ ከነኩ በኋላ። አምስተኛዋን ብዙ ሰው ይረሳታል፤ አልጋውን ብቻ ነው የነካሁት ይላል።

ነገር ግን ከገጠር የመጡ እናትን እንዴት እንደሚያናግሩ የትኛውም የውጭ ኮርስ አያስተምርም። በእንግሊዝኛው ቃል «ፔን አለዎት?» ብሎ ስለ ሕመም መጠየቅና «እማማ፣ የቱ ጋ ነው የሚቆረጥምዎት? ከመቼ ጀምሮ?» ብሎ መጠየቅ አንድ አይደለም። ይህንን በቴሌግራም ድምፅ ተለማመዱት። አንዱ ታማሚ፣ አንዱ ጠያቂ ይሁን። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የታማሚ ፎቶ፣ ስም፣ የካርድ ቁጥር ግሩፕ ላይ አይግባ። ለማስተማር ነው ቢባልም አይግባ። ፋብሪካ የሚገቡትም ሳያስፈቅዱ ማሽን ፎቶ አያንሱ።

የአካውንቲንግ ተማሪዎች ባንክ ወይም መሥሪያ ቤት ሲመደቡ ጉዳያቸው ቀለል ይላል። ኤክሴልን በደንብ፣ የሂሳብ መዝገብ ሶፍትዌሩን ፒችትሪን ለመግባቢያ ያህል ይያዙ። ለኤክሴል አንድ የዩቲዩብ ተከታታይ መርጠው እስከ መጨረሻው ይሂዱበት። ከቪዲዮ ቪዲዮ መዝለል ነው የሚጎዳቸው።

ስማርት ስልክ ለሌለው

በየክፍሉ ስማርት ስልክ የሌለው ወይም ስክሪኑ የተሰበረበት ተማሪ አይጠፋም። አይናገርም፤ ያፍራል። ዝግጅቱን ከመጀመራችሁ በፊት በግል ጠይቁ፤ ክፍል ውስጥ እጅ አታስወጡ። ለእሱ የሙድሉን ጥያቄዎች ከነማብራሪያቸው በወረቀት አትሙለት። ማብራሪያው በሌላ ገጽ ላይ ይሁን፤ ሳይሞክር እንዳያየው። ቪዲዮዎቹን ፍላሽ ላይ ጭናችሁ የኮምፒዩተር ላቡን ሰዓት ስጡት። የአንድ ደቂቃውን ድምፅ በተራ ስልክ ደውሎ ይናገረው፤ እናንተ መልሳችሁ ደውሉለት፣ ካርዱ እንዳያልቅበት። እኔ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ስልኬን ነፃ አድርጌ እጠብቃለሁ። እስካሁን በዚያ ሰዓት ሳይደወል የቀረበት ቀን ጥቂት ነው።